የሳንቃ በረንዳን ስለ ማጽዳትና ስለ መጠበቅ

ቤት የሠራ ሰው ድካሙን የፈጸመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቤት መሥራት የአንድ ዘመን ሥራ ሲኾን ቤት መጠበቅ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ይልቁንም ከእንጨት የተሠራው ጠባቂ ካላገኘ ፈጥኖ ይጠፋል። በዚህ ትምህርት የምንናገረው ስለ ሳንቃ በረንዳ ነው፤ ይኸውም ከቤት ደጃፍ ወጥቶ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በቋሚና በአግዳሚ እንጨት ላይ ሳንቃ የተነጠፈበት፥ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበት፥ ልጆችም የሚጫወቱበት ወለል ነው። መምህራን ለተማሪዎች ቢያስረዱት፥ ሽማግሌዎችም በየቤታቸው ቢያሠሩት ጥቅሙ የኹሉ ይኾናል።

እንጨትን የሚያጠፋው ምንድር ነው?

አስኮ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፥ በከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነውና ኹለት ነገሮች እንጨቱን ይፈትኑታል። ፊተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናም ነው፤ ኹለተኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚወጣው ብርቱ ፀሐይ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ኾነ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ የሳንቃውንም ፊት እያደከመ አመድማ ያደርገዋል። ደግሞም እንጨት ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኰማተራል፤ ይህ በተመላለሰ ቍጥር ሳንቃው ይሰነጠቃል፥ ሚስማሩም ይላቀቃል።

ሳንቃን የሚያበሰብሰው ግን ውሃው ራሱ አይደለም፤ በእርጥብ እንጨት ውስጥ የሚበቅለው ፈንገስ ነው። ፈንገስ የሻጋታ ወገን ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 20 እጅ ያህል ካልበለጠ ሊያበሰብሰው አይችልም። እንግዲህ የጥበቃው ኹሉ ሥር አንድ ነገር ነው። ዝናም እንዳይዘንብ መከልከል አይቻልም፤ የዘነበው ፈጥኖ እንዲደርቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ይህን ያስተዋለ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ኹሉ ሳይቸገር ያስታውሰዋል።

ስለ መመርመር

በረንዳ በዓመት ኹለት ጊዜ ይመርመር፤ አንዱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፥ ኹለተኛውም ክረምት ካለፈ በኋላ በጥቅምት። መርማሪው ከላይ ብቻ አይቶ አይለፍ፤ ብስባሴ የሚዠምረው ከማይታየው ቦታ ነውና። የቋሚውን እግር፥ የሳንቃውን ጫፍ፥ በሚስማር ዙሪያ ያለውን፥ ሳንቃው በአግዳሚው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በካራ ጫፍ ይውጋው። ካራው ሳይቸገር ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ እንቢ ካለ ግን ደኅና ነው። ከላይ ደኅና መስሎ ከሥር የበሰበሰ ሳንቃ አንድ ቀን የሽማግሌ እግር ወይም የነፍሰ ጡር ሴት እግር ያርፍበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው አጥንቱ ቢሰበር እንደ ልጅ ፈጥኖ አይጠገንምና፥ የበሰበሰው ሳንቃ ዛሬ ነገ ሳይባል ይለወጥ።

ምስጥም ይመርመር። ምስጥ ብርሃንን ስለሚሸሽ ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወጣበትን መንገድ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በቋሚው ላይ እንዲህ ያለ የጭቃ መሥመር የታየ እንደ ኾነ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ የቋሚው እግር አፈር አይንካ፤ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ከበረንዳው ሥር ማገዶና ጭድ አይከማች፥ አየር እንዲመላለስበት ባዶ ይተው። ብዙ ሰዎች ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባሉ፤ ይህ ግን ልጆች ለሚቀመጡበት ወለል አይገባም፥ አካልን ይጎዳልና፤ ወደ አፈርና ወደ ጕድጓድ ውሃም ይወርዳል።

ስለ ማጽዳት

የአዲስ አበባ ሰው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ደጁን እየጠረገ ጥራጊውን ሲያቃጥል ኖሯል። ይህ ቀን ለበረንዳም ማጽጃ ይመቻል፤ ዝናሙ አልፎ አየሩ የደረቀበት ወራት ነውና። ጥራጊው የሚቃጠለው ግን ከሳንቃው እጅግ ርቆ ይኹን።

አስቀድሞ ወለሉ በመጥረጊያ ይጠረግ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል የገባው ቅጠልና አፈር በቀጭን እንጨት ይውጣ፤ ይህ ክፍተት ውሃውንና አየሩን የሚያሳልፍ በር ነው፥ ተደፍኖ ከቈየ እርጥበት ይዞ ያበሰብሳል። ቀጥሎም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፥ በብሩሽ፥ በሳንቃው ርዝመት ይታሽ። ወርዱን ተከትሎ ማሸት እንጨቱን ይቧጥጠዋል። ውሃ በባልዲ መድፋት አይገባም፤ እንጨቱን የምናጸዳው ውሃ ልናጠጣው አይደለምና። አረንጓዴ ሽበት ያለበት ቦታ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታልና በተለይ ተግቶ ይታሽ።

በሳሙና ፈንታ የእንዶድ ፍሬ አረፋ ይበቃል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ውሃ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል መርምረው አሳይተዋል፤ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢው ወደ ወንዝ አይፍሰስ። ብርቱ የአመድ ውሃና ብዙ በረኪና የእንጨቱን ፊት ይበላሉ። በረኪናም ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋራ ከቶ አይደባለቅ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

ስለ መቀባት

የታጠበው ሳንቃ ጥቂት ደረቅ ቀኖች ይቈይ፤ በእርጥብ እንጨት ላይ ዘይት መቀባት እርጥበቱን በውስጥ መዝጋት ነው። የሻከረው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ቅባት የሚያስፈልገው መኾኑን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ይንጠብበት፤ ውሃው እንደ ዶቃ ከቆመ ጥበቃው ገና አለ፥ ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቈረው ግን ጊዜው ደርሷል።

በአገራችን የሚገኘው የተልባ ዘይት ለዚህ ሥራ መልካም ነው፤ በአየር ውስጥ ቈይቶ ይደርቃልና። ቅቤና የጎመን ዘር ዘይት ግን አይደርቁም፤ አቧራ ይይዛሉ። ዘይቱ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ የሳንቃው ጫፍ ከሌላው ይልቅ ውሃ ይጠጣልና በደንብ ይጥገብ። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ያልሰረገው በጨርቅ ይወልወል። ዘይቱንም ቶሎ ይደርቃል ብሎ በቤት እሳት ላይ ማፍላት አይገባም፥ ቤት ያቃጥላል።

ከኹሉ በላይ ይህ ይታሰብ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ የተቀመጠ እንደ ኾነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ፥ ክብሪት ሳይነካው፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ በደጅ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይም በውሃ ተነክሮ ይቀመጥ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከ100 ዓመት በላይ ዝናሙንና ፀሐዩን ችሎ ቈይቶ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት እጅግ ተጎድቷል። ይህን የምንጠቅሰው የዚያ እሳት መነሻ ጨርቅ ነበር ለማለት አይደለም፤ ብዙ ዘመን የጠበቁትን እንጨት እሳት በአንድ ቀን እንደሚጎዳው ለማስታወስ ነው።

ማጠቃለያ

ጽድ ለሳንቃ እስኪበቃ ድረስ የሰው ዕድሜ የሚያህል ዘመን ይፈልጋል፤ ልቡም ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፥ ሳንቃው ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። እንግዲህ ያለውን ሳንቃ ጠብቆ ማኖር ወጪ ማዳን ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ልጅ አንድ ዛፍ ቆሞ እንዲቈይ ማድረግ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1ኛ፤ ሳንቃን የሚያበሰብሰው ምንድር ነው? ያለ ምንስ ሊበቅል አይችልም?
2ኛ፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለው ክፍተት ለምን ይጠቅማል?
3ኛ፤ ዘይት የነካው ጨርቅ እንዴት ይጠበቃል? ምክንያቱስ ምንድር ነው?
4ኛ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ያለውን አንድ ቋሚ እንጨት መርምሮ ያየውን በቃሉ ይንገር።