ስሙን ሳታውቂ አትንቀዪው

ልጄ፣ ክረምቱ ሲገባ በአጥርሽ ሥር፣ በውኃ መውረጃው ዳርና በአበባ መደቡ መካከል ማንም ያልተከላቸው ቡቃያዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ሁሉን አረም ብሎ ነቅሎ መጣል ይቀናል፤ ከመሀላቸው ግን ወይራ ወይም ጽድ ይኖራል። ሁሉን ማሳደግም አያዋጣም፤ ግድግዳ የሚሰነጥቅ አለበትና። መጀመሪያ እወቂው፣ ከዚያ ፍረጂበት።

1. ማን እንዳመጣው ጠይቂ። ወፍ የሚያርፍበት ሽቦና አጥር ሥር የበቀለው ወይራ፣ ዋንዛ ወይም የወፍ ቆሎ ሊሆን ይችላል፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን እዚያ ይጥላሉ። ግራቪሊያና ጃካራንዳ ዘራቸው ክንፍ ስላለው በነፋስ ይመጣሉ። የወጥ ቤት ጥራጊ በተደፋበት ደግሞ ኮክ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ ጠብቂ። ቀና ብለሽ የጎረቤትን ግቢም ቃኚ፤ እናቱ ብዙ ጊዜ ሩቅ አትሆንም።

2. በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አትፍረጂ። እነሱ ቡቃያው ከዘሩ ይዞት የወጣ ስንቅ ናቸው፤ ከእናቱ ቅጠል ጋር ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የቡና ቡቃያ ሲወጣ ቅጠሉ ክብ ነው፤ ሾጣጣው የቡና ቅጠል የሚመጣው ኋላ ነው። ከዚያም በላይ የሚያታልሉ አሉ። ጽድ በልጅነቱ እንደ መርፌ ሹል ቅጠል ያወጣል፤ ሲያድግ ቅርፊት መሳይ ደቃቅ ቅጠል ይለብሳል። ነጭ ባሕር ዛፍም ልጅ ሳለ አመድማ፣ ሰፋ ያለና ከግንዱ የተጣበቀ ጥንድ ቅጠል አለው፤ ማጭድ የመሰለው ረጅሙ ቅጠል የአዋቂው ነው።

3. የቅጠሉን አቀማመጥ እዪ። ወይራ፣ ቡና፣ ዘይቱን ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ያወጣሉ፤ ዋንዛ፣ ጌሾና ግራዋ ተራ በተራ። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ግምት ያስቀርልሻል። ጃካራንዳና ግራር በደቃቅ ቅጠላቸው ይምታታሉ፤ ነገር ግን ጃካራንዳ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ እሾህም የለውም።

4. ገልብጪ፣ ጨፍልቀሽም አሽትቺ። የወይራ ቅጠል ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ወርቅማ ወይም ግራጫ ነው። የግራቪሊያ ታቹ ብርማ ነው። ክትክታ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሎሚና ባሕር ዛፍ በጠረናቸው ራሳቸውን ያጋልጣሉ።

5. የማታውቂውን አትቅመሺ። ግራዋን በምሬቱ መለየት ቀላል ነው ብለሽ ሌላውንም በምላስሽ አትፈትኚ። አስተናግር ከሥሩ እስከ ፍሬው መርዝ ነው፤ የጉሎ ፍሬም ይገድላል። ቅንጭብና ቁልቋል ሲሰበሩ የሚያወጡት ነጭ ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ጓንት አድርጊ፣ ልጆችንም አርቂ።

6. ቦታው የሚፈርድበት ጊዜ አለ። ሾላ ወይም ዋርካ ከግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከጣሪያ አሸንዳ ከበቀለ ክረምቱ እስኪያልፍ አትጠብቂ፤ ሥሩ እየወፈረ ግንቡን ይከፍታል። የወፍ ቆሎንም ፍሬ ሳይይዝ ከነሥሩ አውጪው፤ አንዴ ከተንሰራፋ ሌላውን ተክል ያፍናል።

7. ግራ ሲገባሽ ቅጠሉን ይዘሽ ጠይቂ። በአጠገቡ እንጨት ትከዪ፣ በየወሩ ፎቶ አንሺ። የስልክ መተግበሪያ የሚነግርሽን እንደ ጥርጣሬ ያዢው። የሰፈር ሽማግሌና የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ብዙ ያውቃሉ፤ ሆኖም አንዱ ስም ከአገር አገር ለተለያየ ዛፍ ይሰጣልና ስም ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። ቅርንጫፉን፣ አበባ ወይም ፍሬ ካለው ከነሱ ጋር፣ በጋዜጣ መሀል ተጭነሽ አድርቂ፤ በላስቲክ ከቋጠርሽው ይሻግታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት ቤት ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ 8 ቅጽ መጽሐፍም በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቋል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄደሽ ያደጉትን ዛፎች ከቡቃያሽ ማስተያየትም ትችያለሽ።

8. ካወቅሽው በኋላ አታመንቺ። ዋንዛ ሲያድግ ሰፊ ጥላ ይጥላል፤ ከቤቱ ራቅ ያለ ቦታ ስጪው። ማዛወር ካለብሽ ገና ትንሽ ሳለ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ሥሩን ከነአፈሩ ይዘሽ ወደ ማታ አዛውሪው። የሚቆየውን እጠሪለት፤ የማይቆየውን ዛሬውኑ ንቀዪ።