ሙቀት ጥምር ቁስን እንዴት ያደክማል? የቦሮንና የአሉሚኒየም ምሳሌ



ዙልቀርነይን ግድቡን የሠራው ብረትን በእሳት አግሎ፣ የቀለጠ ነሐስ አፍስሶበት እንደሆነ ከሱረቱል ከህፍ እናውቃለን። ቁስን ከቁስ ለማጣመር ዛሬም ሙቀት ያስፈልገናል። በዘመናችን ኮምፖዚቶች ግን ያጣመረው ሙቀት ከልክ ሲያልፍ መልሶ ያዳክማል። ይህን በቦሮን ፋይበር በተጠናከረ አሉሚኒየም እንየው።

ይህ ቁስ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ በአሜሪካ የስፔስ ሸትል መንኮራኩሮች የመሃል አካል ውስጥ ለድጋፍ ቱቦዎች ውሏል። ጭነቱን በብዛት የሚሸከመው ፋይበሩ ነው። አሉሚኒየሙ ፋይበሮቹን አቅፎ ይይዛል፤ ጭነቱንም ያከፋፍላል።

ሙቀት በሦስት መንገድ ይጎዳዋል።

አንደኛ፣ አሉሚኒየሙ 660 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ ይለሰልሳል። በፋይበሩ አቅጣጫ ስንስበው ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በአግድም ስንስበው ግን ጭነቱ አሉሚኒየሙ ላይ ስለሚወድቅ ይከፋል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ እኩል አይለጠጡም። በእያንዳንዱ ዲግሪ አሉሚኒየም ከርዝመቱ 23 ሚሊዮንኛ ያህል፣ ቦሮን 8 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣሉ። ስለዚህ ደጋግሞ መሞቅና መቀዝቀዝ የተጣበቁበትን ወሰን ያላላዋል።

ሦስተኛው የባሰው ነው። ከ500 ዲግሪ ገደማ በላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆዩ ቦሮንና አሉሚኒየም ይዋሃዱና በወሰናቸው ላይ ተሰባሪ የቦራይድ ንብርብር ይፈጠራል። ንብርብሩ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ወደ ፋይበሩ ይዘልቃል። ቁሱ ቢቀዘቅዝም ጥንካሬው አይመለስም።

በስሌት እንየው። ፋይበሩ የይዘቱ ግማሽ፣ ጥንካሬው 3,400 ሜጋፓስካል፣ አሉሚኒየሙ የሚሸከመው 100 ሜጋፓስካል ይሁን፦

0.5 × 3,400 + 0.5 × 100 = 1,750 ሜጋፓስካል

ሙቀቱ የፋይበሩን ጥንካሬ በግማሽ ቢቀንሰው የሚቀረን 900 ብቻ ነው። ከውጭ ግን ምንም ላይታይ ይችላል።

ጉዳቱን ለመቀነስ ፋይበሩ በሲልከን ካርባይድ ወይም በቦሮን ካርባይድ ይሸፈናል፤ በምርት ጊዜም ሙቀቱና የቆይታው ሰዓት ይገደባሉ።

ብዙዎቻችን በፈተናም በፕሮጀክትም የክፍል ሙቀት ቁጥርን ከሠንጠረዥ አንስተን ስሌቱን እንዘጋለን። ሠንጠረዡ ግን ቁሱ በምን ሙቀት፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ አይነግረንም። ነገ በምንሠራው ላይ ሰው ነፍሱን አምኖ ይሳፈራል፤ ይህ አማና ነው። እንግዲያው ከቁጥሩ በፊት «በስንት ዲግሪ? ለስንት ሰዓት?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ ሥራችንንም በኢትቃን የምንሠራ ያድርገን። አሚን።