ስለ ባሕር ጠላቂዎች የመተንፈሻ መሣሪያ ጥገናና ስለ ባለሙያው ትምህርት

ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ገንዘቡና ስሙ ነው። ስኩባ የሚባለው የባሕር ጠላቂዎች መተንፈሻ ሲበላሽ ግን የሚያሰጋው የሰው ሕይወት ነው። ስለሆነም ይህን ዕቃ የሚሸጥ መደብር የሠለጠነ የጥገና ባለሙያ ያሻዋል።

ለዛሬው መሣሪያ መሠረት የሆነውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የሠሩት ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ናቸው። በሲሊንደሩ ውስጥ በ200 ባር ያህል የታመቀው አየር ሬጉላተር በሚባለው ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል፤ በመጀመሪያው ክፍል ከውሃው ግፊት በ10 ባር ያህል ወደሚበልጥ መጠን ይወርዳል፤ በሁለተኛው ከውሃው ግፊት ጋር ተስተካክሎ ወደ ጠላቂው አፍ ይደርሳል።

የባለሙያው ትምህርት በሦስት ይከፈላል፤

1ኛ/ የሬጉላተር ጥገና። ይህን የሚያስተምሩት በአብዛኛው ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፥ ተማሪዎቹም የወኪል መደብሮቻቸው ሠራተኞች ናቸው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ፋብሪካ አሠራርና ልክ የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ምስክር ወረቀት ለሌላው አያገለግልም። ስለዚህ ሠልጣኙ በልምድ ከበሰለ ባለሙያ ሥር ሆኖ መፍታትን፥ ማጠብን፥ የጎማ ቀለበቶችን መለወጥንና ግፊትን በመለኪያ መፈተንን ደጋግሞ ሊሠራ ይገባዋል።

2ኛ/ የሲሊንደር ምርመራ። በአሜሪካ ሲሊንደሩ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት እንዲፈተን ሕግ ያዛል፤ በየዓመቱም ውስጡ በዓይን እንዲታይ የሙያው ልማድ ይጠይቃል። መርማሪው ዝገትንና ስንጥቅን ለይቶ ማወቅን፥ የማያስተማምነውንም ያለ ይሉኝታ መጣልን ይማራል።

3ኛ/ የኦክሲጅን ንጽሕና። ኦክሲጅን በበዛበት መሣሪያ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ተራ ግራሶ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ይህ ጽዳት የራሱ ትምህርት አለው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የመሣሪያውን ቁጥር፥ የተለወጠውን ዕቃና የፈተናውን ውጤት በመዝገብ ማስፈር የባለሙያው ግዴታ ነው።

ብዙ ፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚሸጡት ለሠለጠነ ወኪል ብቻ ስለሆነ፥ ባለሙያ የሌለው መደብር ዋስትናውን ሊፈጽም አይችልም። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለማናቸውም መሣሪያ አስመጪ ይጠቅማል፤ ዕቃውን ከማዘዝ አስቀድሞ ማን እንደሚጠግነው፥ የት እንደሚሠለጥንና መለዋወጫው ከወዴት እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባል።