ለዘፋኙ አጨብጭብ፣ ለሻምበሉ ተነሥ

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልህ ሐረር ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስልክህ በዘፋኞችና በኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ተሞልቶ አይቻለሁ። አልቆጣህም፤ የምመክርህ ግን አለኝ።

1. ዝነኛ መውደድህን አትተው። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በእኛ ዘመን ጭብጨባውና የደንብ ልብሱ ይህን ያህል አይራራቁም ነበር። ስለዚህ ከዘፋኙ ቀንሰህ ለወታደሩ ስጥ አልልህም። ጭብጨባ ደስ ሲልህ የምትሰጠው ነው፤ ለዘማች ያለብህ ግን ዕዳ ነው።

2. ዝና ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግህ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ራምቦ ቤት ሂድ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር ሲመጣ ግጥም መጻፍ ካቆመ ቆይቷል፤ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል። በስሙ የሚጠራውን ቤት ያሠራው ደግሞ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። እንዲህም ሆኖ እንግዳ ባሕር ተሻግሮ ሊያየው ይመጣል። ቤቱ ያምራል፣ ለከተማችንም እንጀራ ነው፤ ይጠበቅልን። ከዚያ ስትወጣ ግን ቀና ብለህ ሐኪም ተራራን እይ። ጅጅጋ መስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ ውጊያው እስከ ሐረር አፋፍ ደርሶ ነበር። የጁገል ግንብ ከመድፍ አያድንም። ያዳነን ሰው ነው፦ መደበኛው ሠራዊት፣ ከእርሻው ተጠርቶ የመጣው ሚሊሺያ፣ ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡት ኩባውያን። የካቲት 26 ጅጅጋ አጠገብ የካራማራ ድል እስኪበሠር ድረስ ስንቱ በየሸለቆው ወድቆ ቀረ!

3. ዘማቾቹን በሕይወት ሳሉ ጠይቅ። ዋናው ምክሬ ይህ ነው። አንድ የማውቃቸው አምሳ አለቃ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ይጠግኑ ነበር። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም፤ ጨርቁን በመዳፋቸው ተጭነው በቀኝ እጃቸው መዘውሩን ያዞሩታል። ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ፣ ለነገ ይደርሳል?» ይላቸዋል እንጂ ጣቶቹ የት እንደቀሩ የሚጠይቃቸው አላየሁም። እኔ ስጠይቃቸው ስለ ጀግንነት አላወሩኝም። ስለ ውሃ ጥም፣ ጥርስ ስለሚሰብረው ኮቾሮ፣ አብሯቸው ስለመሸገ አንድ የጎጃም ልጅ አወሩኝ። የልጁን ስም ከነአባቱ ያስታውሱታል። አንተም ስትሄድ «ስንት ሰው ገደሉ?» እንዳትል። ከጎናቸው ማን እንደነበረ ጠይቅ፤ ከቤት ደብዳቤ ይደርሳቸው እንደነበር ጠይቅ። በማዕረጋቸው ጥራቸው። ኮንሰርት በምትቀርጽበት ስልክ ድምፃቸውን ቅዳ፣ አስፈቅደህ።

4. ወታደሩን ከላከው መንግሥት ለይተህ እይ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ዘምተዋል። ሻለቃቸው ቃኘው የተባለው በሐረሩ ገዥ በራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ከ120 በላይ ወደቁ፣ አንድም አልተማረከም። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን የኮሪያ ዘማች መሆን አንገት የሚያስደፋ ነገር ሆነ። ደቡብ ኮሪያዎች አስቀድመው ቹንቾን ከተማ ሐውልት አቁመውላቸው ነበር፤ እኛ ግን ዝም አልን። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተንም እንዲሁ ሆነ፤ ካራማራ የተዋጋ ሰው «የደርግ ወታደር» ተብሎ መንገድ ዳር ለልመና ተቀመጠ። ያዘመተውን ሥርዓት ልትጠላ ትችላለህ፣ እኔም የምጠላው ብዙ ነገር አለው። እግሩን ያጣው ሰው ግን የማንንም ፖለቲካ ዕዳ እንዲከፍል አታድርግ።

5. ይህኛው ለሐረር ልጅ ከሁሉም ይከብዳል። ፈረስ መጋላ ያለው ሐውልት በ1879 ጨለንቆ ላይ የምኒልክን ጦር ሲገጥሙ ለወደቁት የሐረር ተዋጊዎች ነው። ከግንቡ ውጭ ደግሞ የአድዋው የጦር መሪ የራስ መኮንን ሐውልት በፈረስ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. በድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግሥት ተገነደሰ። የዘፋኝ ሐዘን እና የወታደር ሐውልት አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አየን። የአንዱ ጎረቤትህ ቅድመ አያት ጨለንቆ ወድቋል፤ የሌላው ከመኮንን ጋር አድዋ ዘምቷል። ሁለቱም ቤት ቡና ጠጥተሃል። ሁለቱንም አዳምጥ፣ በአንዱ ሰማዕት ሌላውን አትምታ።

6. የካቲት 26 ሲደርስ ፎቶ ለጥፈህ ብቻ አትዋል። ሰፈርህ ውስጥ አንድ አሮጌ ወታደር አይጠፋም። የጡረታ ሰልፍ ላይ ካገኘሃቸው ወረፋህን ልቀቅላቸው፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ካጡ ባጃጅ ያዝላቸው። ቤታቸው ስትሄድ በጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። ደብተር ያዝ። የቦታ ስም ሲነግሩህ በትክክል ጻፍ፤ ያልገባህን ደግመህ ጠይቅ፣ አይከፋቸውም። ጨርሰህ ስትመጣ ደብተሩን አሳየኝ፤ በባቢሌ በኩል ያሉትን መንደሮች ስም እኔ አርምልሃለሁ።