ባለጆሮዋ ላፕቶፕ

ኤክስኦ የተባለችው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ተብላ መመረት የጀመረች ናት፤ ወደ ኢትዮጵያም በሺህ የሚቆጠሩ ገብተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ሰው መክፈቻው ይጠፋበታል። መክፈቻው ጆሮዎቿ ናቸው! ሁለቱን ሲያቆሟቸው ክዳኑ ይለቃል። እነዚያው ጆሮዎች የዋይፋይ አንቴና ሆነው ያገለግላሉ፤ ሲታጠፉም የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ከአቧራ ይሸፍናሉ።

እኛ ከሁሉ የምንወድላት ስክሪኗን ነው። ስፋቱ 7.5 ኢንች ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ከኋላው በሚበራው መብራት ባለቀለም ሥዕል ያሳያል። ደጅ ፀሐይ ላይ ስናወጣው ግን ነገሩ ይለወጣል። የሌላው ላፕቶፕ ስክሪን ፊታችንን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ሲሆንብን፣ የእሷ የፀሐዩን ብርሃን መልሶ እያንጸባረቀ እንደ ጋዜጣ በጥቁርና ነጭ ይነበባል። ያን ጊዜ የኋላውን መብራት ማጥፋት ስለሚቻል ባትሪም ይቆጠባል።

ማስቀመጫዋ 1 ጊጋባይት ነው፤ ዛሬ ለአንድ ፊልም እንኳ ይጠባል። የሚሽከረከር ዲስክም ሆነ ማራገቢያ ስለሌላት ብትወድቅም በቀላሉ አትጎዳም። ኪቦርዷ አቧራና ውሃ እንዳያስገባ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ለአዋቂ ጣት ግን ይጠባል።

ጠቋሚዋ አንዳንዴ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። መላው በኪቦርዱ አራት ማዕዘን ያሉትን አራት ቁልፎች ባንድ ጊዜ መጫን ነው። ሁለቱንም እጅ ይፈልጋልና ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።