ስለ ቱርቦና ስለ ጭስ ምርመራ

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ካኮ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በአንድ ላንድክሩዘር ተሳፍረን ወደዚያ ስንሄድ፣ ሾፌሩ ለሞተሩ አዲስ ቱርቦ እንዳስገባለት እየነገረን ጉልበቱን ያሞግስ ነበር። በእርግጥም ዳገቱን ሳይደክም ወጣው። ወደ ኋላ ዞር ብለን ስንመለከት ግን፣ ሸክማቸውን ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱት ሴቶች ጥቁር ጭስ ውጧቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አየን። ስለ ጭሱ ብንጠይቀው፣ «ልጆች፣ አታስቡ፤ ለቦሎ ስሄድ መካኒኩ ፖምፓውን ይቀንስልኛል፤ ካለፍኩ በኋላ መልሶ ይከፍተዋል» አለን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ቱርቦ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ አሳቡን በ1898 ዓ.ም. በፓተንት አስመዝግቧል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ አየር እየጨመቀች ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ስለዚህ ቱርቦ የሚሰጠው አየር ነው እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ጉልበቱ የሚገኘው በተጨመረው አየር ተጨማሪ ናፍጣ ሲነድ ነው።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ፈጽሞ እንዲነድ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ነገር ግን ሁለቱ በሲሊንደሩ ውስጥ በደንብ ለመደባለቅ ጊዜ ስለሚያጥራቸው፣ አየሩ ከዚህ በልጦ መገኘት አለበት፤ ወደ 20 ኪሎ ገደማ ከወረደ ጭስ ይጀምራል። እንግዲህ ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ በሚገባ ሳይነድ የቀረ ናፍጣ ነው።

ታዲያ አየር የሚጨምር መሣሪያ ገብቶ ጭሱ ስለ ምን ይበዛል? ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የፖምፓው ብሎን ቱርቦው ከሚሰጠው አየር በላይ ተከፍቶ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ቱርቦ ፍጥነት እስኪያገኝ ይዘገያል፤ ናፍጣው ቀድሞ ይደርሳል፣ አየሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ የቱርቦው ግፊት እስኪነሣ ድረስ ናፍጣውን የሚይዝ በፖምፓው ላይ የሚገጠም ዲያፍራም ነው። ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ ይህ ዕቃ የለውም።

ሦስተኛ፣ የቦታው ከፍታ ነው። በጂንካ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 84 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በወይጦ ቆላ ሙሉ የተከፈተ ፖምፓ ወደ ደጋ ሲወጣ ያጨሳል። ልኩ መስተካከል ያለበት መኪናው በሚሠራበት ከፍተኛ ቦታ ነው።

ወደ ምርመራው እንምጣ። በብዙ አገሮች የናፍጣ መኪና የሚፈተነው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ነዳጅ መስጫው በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው፤ ጭሱ ብርሃንን ምን ያህል እንደጋረደ በመሣሪያ ይለካል። የአውሮፓ ሕግ ለቀድሞ ሞተሮች ያለ ቱርቦ 2.5፣ በቱርቦ 3.0 በሜትር ሲፈቅድ፣ ለአዲሶቹ ወደ 1.5ና ከዚያም በታች አውርዶታል። ልብ እንበል፤ ፈተናው የሚይዘው ቱርቦው ገና ያልተነሣበትን ቅጽበት ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ ትልቅ ቱርቦ ያስገባ ሰው በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ለማለፍ የሚሻ ሰው ሥራውን በተራ ይሥራ፦ የአየር ማጣሪያውን ይለውጥ፤ ከቱርቦ እስከ ሞተር ያሉት ቱቦዎች አየር እንዳያሾልኩ ይመርምር፤ ኖዝሎቹን ያስፈትሽ፤ ለሞተሩ መጠን የሚስማማ ቱርቦ ይምረጥ፤ ፖምፓውን በመጨረሻ ያስተካክል። ለውጡንም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።

በአገራችን የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የታዘዘ ነው። ነገር ግን ለአንድ ቀን ብቻ ፖምፓ መቀነስ ምርመራውን ማታለል ነው። የጀርመኑ ቮልስዋገን ፋብሪካ፣ ፈተና ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ፕሮግራም በናፍጣ መኪናዎቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባቱ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተገለጠ፤ ነገሩ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚነካ ሆነ። የእኛ ሾፌር በካቻቢቴ የሚያደርገውን ትልቁ ፋብሪካ በኮምፒዩተር አደረገው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም መርማሪ የሚሆን አለ፤ ሌሎቻችንም ተሳፋሪዎች ነን። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። የካኮ ገበያተኞች የሚተነፍሱት የምርመራውን ቀን ጭስ ሳይሆን የቀረውን ቀን ሁሉ ነውና፣ ቱርቦ የሚያስገባ ሁሉ ልኩን ለእነርሱ ሲል ያስተካክል።