የሕፃናት አንጀት መጠምዘዝ፦ የአረንጓዴ ትውከት ማስጠንቀቂያ

ሕፃን በማኅፀን ሳለ አንጀቱ ዞሮ ቦታውን ይይዛል። ይህ አዟዟር ካልተሟላ አንጀቱ የሚያያዝበት ሥር ጠባብ ስለሚሆን በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የደም ሥሮቹ ይታነቃሉ፤ አንጀቱም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አደጋው ይበልጥ የሚታየው ከልደት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ነው።

ዋናው ምልክት ምንድን ነው? ደኅና ይጠባ የነበረ ሕፃን በድንገት አረንጓዴ ሐሞት ማስመለሱ ነው። ሆዱ መጀመሪያ ላይ ላይነፋ ስለሚችል ይህ አያዘናጋን። ደም የተቀላቀለበት ሰገራና መዛል ዘግይተው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው።

ሐኪሙ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ያረጋግጣል፤ ሕፃኑ እጅግ ከተዳከመ ግን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይወስደዋል። የቦስተኑ ሐኪም ዊልያም ላድ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ዘዴ መሠረት የተጠመዘዘው አንጀት ይፈታል፤ ሥሩም እንዲሰፋ ይደረጋል።

እንግዲህ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ምእመናን «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አናጠጣ፤ እስኪነጋም አንጠብቅ። በአፉ ምንም ሳንሰጥ፣ በጨርቅ አሙቀን ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ በአስቸኳይ እንዲላክ እንጠይቅ። የትውከቱን ቀለምና የጀመረበትን ሰዓትም እንንገር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለእናቶች ያስረዱ። ጸሎት በመንገድ ላይም ይደርሳል፤ የታነቀ አንጀት ግን ጊዜ አይሰጥም።